የትራምፔቴ ማውዝፒስ ተጣብቋል፣ ስላይዱም ንቅንቅ አይልም፤ ምን ላድርግ?

ነፊው ከሐዋሳ
ሰላም ለሁላችሁ። ቸርቻችን ውስጥ ትራምፔት እነፋለሁ። መሣሪያው ማንም ሳይነካው ሣጥን ውስጥ ዓመታት ተቀምጦ ነበር። ማውዝፒሱ፣ ማለትም ከንፈር ላይ የሚደረገው መንፊያ፣ አልወጣ አለኝ። ትልቁ ቱኒንግ ስላይድ (ድምፁ የሚቃኝበት ተንሸራታች ቱቦ) እስከ መጨረሻው ገብቶ ደርቋል፤ ድምፁ ከኪቦርዱ ከፍ ይላል፣ መቃኘት አልቻልኩም። የሁለተኛው ፒስተን (በጣት የሚጫኑት) የታች ክዳንም አልፈታ ብሏል። አንድ ወዳጄ «በፒንሳ ያዝና ጠምዝዘው» ይለኛል። ላድርገው?

ሳክስ
ጨርቅ ጠቅልለህበት ቀስ እያልክ ሞክረው። እኛ ሰፈር እንደዚያ ነው የሚደረገው።

የማርሽ ባንዱ
ወንድሜ፣ ፒንሳውን ተወው። ጨርቅ ተጠቀለለበት አልተጠቀለለበት ያው ነው። ማውዝፒሱ የሚገባበት ቱቦ ስስ ናስ ነው፤ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር ቢሆን ነው። ከመሣሪያው ጋር የተያያዘውም በሊድ ብየዳ ብቻ ነው። ስትጠመዝዘው የሚዞረው ማውዝፒሱ ሳይሆን ቱቦው ነው። የማርሽ ባንድ ውስጥ በነበርኩበት ዘመን እንደ ታጠበ ልብስ የተጠመዘዘ ትራምፔት አይቻለሁ። ያሳዝናል፣ ደህና መሣሪያ ነበር።

በስላይዱ ጀምር። የያዘው የደረቀ ግሪስና ከትንፋሽ የተጠራቀመ እርጥበት ነው። ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት፣ ደብሊው ዲ 40 ዓይነቱን፣ መጋጠሚያው ላይ ጠብ ጠብ አድርግና አሳድረው። በማግስቱ ዘይቱን በደንብ ጥረግ፤ ተቀጣጣይ ነው። ከዚያ በፀጉር ማድረቂያ የውጭውን ቱቦ አሙቀው። ውስጠኛውን አይደለም! የውጭው ሲሰፋ ነው ውስጠኛውን የሚለቀው። ላይተርና ሻማ ግን በፍጹም። ሊዱ 200 ዲግሪ ሳይሞላ ይቀልጣል፣ ቫርኒሹም ይቃጠላል።

አሁን ረዘም ያለ የጥጥ ጨርቅ በስላይዱ ቅስት ውስጥ አሳልፍ። ሁለቱን ጫፎች በአንድ እጅህ ያዝ። በሌላው መሣሪያውን ፒስተኖቹ ጋ አጥብቀህ ያዝ። ጨርቁን ላላ አድርገህ በድንገት ንጠቀው። አነጣጠቁ ቀጥ ያለ ይሁን። ወደ ጎን ከሄደ አንደኛው እግር ቀድሞ ይወጣና ስላይዱ ይጎብጣል።

ክዳኑን በእንጨት ማንኪያ እጀታ ዙሪያውን መታ መታ አድርገው፣ ከዚያ በጎማ ጓንት ፍታው።

ማውዝፒሱ ሾጣጣ ስለሆነ በገፋኸው ቁጥር ይበልጥ ይቆለፋል። እሱም ላይ ዘይቱን ጠብ አድርገህ አሳድረው። በትንሽ የእንጨት መዶሻ ማውዝፒሱ የሚገባበትን መቀበያ ዙሪያውን በስሱ ምታ፣ በእጅህ ብቻ አዙር። እምቢ ካለ ማውዝፒስ ማውጫ ፈልግ። በብሎን ቀጥ አድርጎ የሚስብ መሣሪያ ነው፤ ምንም ነገር አያጣምም።

ነፊው ከሐዋሳ
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ስላይዱ በጨርቁ ወጣ፣ ክዳኑም ተፈታ። ማውዝፒሱ ግን አሁንም እምቢ ብሏል። ስላይዱ ውስጥ አረንጓዴ ነገር አለ። ማውዝፒሱ የሚገባበት ቱቦ ላይ ደግሞ ሮዝ ነጠብጣብ አየሁ።

የማርሽ ባንዱ
ጎሽ! አረንጓዴው አያስፈራህ። ፒስተኖቹን አውጣ፣ ለብ ባለ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና እጠበው፣ ቱቦዎቹን በረዥም ብሩሽ አጽዳ። ፒስተኖቹ ላይ 1፣ 2፣ 3 የሚል ቁጥር አለ፤ ቦታ ከተለዋወጡ አየር አያልፍም። ስላይዱን የስላይድ ግሪስ ቀባው። ከሌለህ ለጊዜው ቫዝሊን ይበቃል። ፒስተን ላይ ግን የፒስተን ዘይት ብቻ፤ ግሪስ ካገኘው ይይዘዋል።

ሮዙ ግን ሌላ ነው። ናስ መዳብና ዚንክ ነው። እርጥበቱ ዚንኩን በልቶ መዳቡ ሲቀር ነው ሮዝ የሚሆነው። ከውስጥ ወደ ውጭ ስለሚበላ አሽተህ አታስለቅቀውም። ነጠብጣቡ እየበዛ ከሄደ አንድ ቀን ቱቦው መቀየር አለበት። እስከዚያ ንፋበት። ስትጨርስ ውሃውን አራግፍ፣ ማውዝፒሱን ነቅለህ ለብቻው አስቀምጥ። ስታስገባው በመዳፍህ እንዳትመታው፤ ብዙ ጊዜ የሚጣበቀው በዚያ ነው።

ትሮምቦኗ
ማውጫው እኔ ጋ አለ። አዲስ አበባ ነኝ፤ ወደ ሐዋሳ የሚመጣ ሰው ካገኘህ እሰጠዋለሁ። ስትጠቀምበት ሁለቱን ብሎኖች እኩል እኩል አጥብቅ፣ አንዱ ቀድሞ እንዳይሄድ። እስኪደርስህ ድረስ ማንም ማውዝፒሱን እንዳይነካው፣ ያ የፒንሳው ወዳጅህም ጭምር።