የልጄ ጉልበት ራጅ ላይ ያለው ጥቁር መስመር ስብራት ነው?

የሐሩን እናት፣ ኮምቦልቻ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 12 ዓመቱ ነው፤ ኳስ ነፍሱ ነው። ክረምቱ ከወጣ ወዲህ ከጉልበቱ ሎሚ ዝቅ ብሎ እብጥ አለበት። ሲነኩት ያመዋል፤ ሲሮጥና ደረጃ ሲወርድ ይብስበታል፤ ለሶላት ሲንበረከክማ ፊቱ ይጨማደዳል። አረፍ ሲል ደህና ነው፤ ትኩሳት የለው፣ ሌሊትም አይቀሰቅሰው። እዚሁ ራጅ አስነሳሁት። ፊልሙን ወደ መስኮቱ አድርጌ ሳየው፣ ከጉልበቱ በላይም በታችም አጥንቱን የሚያቋርጥ ጥቁር መስመር አለ። ጎረቤቶቼ «ተሰብሯል፣ ወጌሻ ጋ ውሰጂውና ይታሽ» ይሉኛል። አጎቱ ደግሞ «አዲስ አበባ ኤምአርአይ ይነሳ» ይላል። ተበድሬም ቢሆን እወስደዋለሁ፤ ግን ያስፈልገዋል?

ራጅ ክፍል፣ ደሴ፦
እህቴ፣ አላህ አፊያ ያድርግልሽ። ራጅ አንሺ ነኝ፤ ሕመሙን ለይቶ መናገር ልጁን ዳብሶ የሚያይ ሐኪም ሥራ ነው። ስለ መስመሩ ግን ልንገርሽ። በዚህ ዕድሜ አጥንት ገና ያድጋል፤ የሚያድገውም ጫፎቹ አጠገብ ባለ ልምልም አጥንት ነው። ልምልም አጥንት ራጅ ላይ ስለማይታይ ቦታው ባዶ መስሎ ይጠቁራል። እድገቱ ሲያበቃ ይደፈናል። ስብራት በዚያው በኩል የሚያልፍበት ጊዜም ስላለ፣ ሐኪሙ ከተጠራጠረ ደህናውን ጉልበት አብረን አንስተን እናስተያያለን።

እብጠቱን በተመለከተ፣ በሚሮጡና ኳስ በሚጫወቱ ልጆች ላይ የሚበዛ ኦስጉድ ሽላተር የሚባል ሕመም አለ። በ1903 እ.ኤ.አ. ኦስጉድ ቦስተን፣ ሽላተር ዙሪክ ሆነው በየፊናቸው የጻፉበት ነው። የጭኑ ትልቅ ጡንቻ ሎሚውን አልፎ በጅማት ቅልጥሙ ላይ ይያያዛል፤ ያንን ገና ያልጠነከረ ቦታ ደጋግሞ ሲስበው ያብጣል። ሐኪም አብዛኛውን ጊዜ በእጁ ነው የሚለየው፤ ራጁ ሌላ ነገር አለመኖሩን ለማየት ነው። ሩጫ ቀነስ ማድረግ፣ በረዶ መያዝ፣ የጭን ጡንቻን ማሳሳብ ይረዳል።

እባክሽ ግን ምንነቱ ሳይታወቅ አይታሽ። የልጆች የአጥንት ካንሰር ከሁሉ ቦታ ይልቅ የሚወጣው ጉልበት አካባቢ ነው። የአጥንት ኢንፌክሽንም በመጀመሪያው ሳምንት ራጅ ላይ ላይታይ ይችላል። ታሽቶ ታሽቶ ያበጠ እግር ሲመጣልኝ ሆዴ ይላወሳል። ሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመም፣ ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስ ወይም እግሩን መርገጥ አለመቻል ከመጣ አንድ ቀን አታሳድሪው።

የዘሃራ አባት፣ ሰኞ ገበያ፦
እኔም የማውቀውን ልጨምር። ልጄ በ6 ዓመቷ ታነክስ ነበር፤ «ጉልበቴን» ትላለች። የጉልበቷ ራጅ ንጹሕ ነው እየተባልን ተመላለስን። በኋላ አንድ ሐኪም አስተኝቶ ጭኗን ወደ ውስጥ ሲያዞረው አለቀሰች፤ ዳሌዋ ራጅ እንዲነሳ አዘዘ። ፐርተዝ የሚባል የዳሌ ሕመም ነበር፤ ለጭን አጥንት ራስ የሚደርሰው ደም ሲቋረጥ የሚመጣ። የዳሌ ሕመም በልጆች ላይ ጉልበት ላይ ይሰማል፤ ዳሌውንም ይዩልሽ።

የሐሩን እናት፦
ዕድሜ ይስጣችሁ። ታዲያ ኤምአርአይ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

ራጅ ክፍል፣ ደሴ፦
የዘሃራ አባት ያሉት ትልቅ ነገር ነው፤ በአሥራዎቹ ዕድሜም የጭን አጥንት ራስ ከቦታው እየተንሸራተተ ጉልበት ላይ የሚያም አለ።

ኤምአርአይ በማግኔት የሚነሳ ምስል ነው፤ ልምልም አጥንትን፣ ጅማትንና የአጥንቱን ውስጥ ያሳያል። ጉልበቱ ተቆልፎ አልዘረጋ ሲል፣ ተጠምዝዞ ሲያብጥ፣ የአጥንት ቁራጭ መላቀቁ ወይም ዕጢ ሲጠረጠር ይታዘዛል። ጨረር የለውም፤ ግን ድምፁ ይጮኻል፣ ረዘም ላለ ጊዜም ሳይንቀሳቀሱ መተኛት ይጠይቃል። ትንንሾቹን ማስተኛ መድኃኒት እስከ መስጠት ያደርሳል። ልጅሽ እንደነገርሽን ከሆነ እኔ በሱ አልጀምርም። መጀመሪያ የሐረጎን ዳገት ውጪና ደሴ የአጥንት ሐኪም ይየው። ፊልሙን ራሱን ይዘሽ ነይ፤ በስልክ የተነሳ ፎቶው ጥሩ አያሳይም።