ጨረቃ የሚሄደውን ጎታች መኪና በአማርኛ እንዴት ላውራው?

ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ሜሪላንድ ነው፤ ልጄ 6 ዓመቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣችውን «ሙን ሜተር» የተባለች የፒክሳር አጭር ካርቱን አይጠግባትም። ሜተር የሚባለው የዛገ ጎታች መኪና ጨረቃ ላይ የቀረውን ኢምፓላ 13 ሊያመጣ ይሄዳል። ማታ ሳስተኛው «እማዬ፣ በአማርኛ ንገሪኝ» ይለኛል። ስነግረው ግን አይስቅም። ስሙ ራሱ በእንግሊዝኛ ቲማቲምን የሚያስታውስ ቀልድ ነው፤ ያንን ከየት ላምጣው? ደግሞ እኔ አፍ ላይ መኪና ሁልጊዜ «እሷ» ናት። «መኪናዋ ተነሳች» ስል «ሜተር ወንድ ነው!» ብሎ ይቆጣኛል። ይሄ ልጅ አንድ ቀን በአማርኛ ሲስቅ ብሰማው ሌላ አልፈልግም። እባካችሁ ምከሩኝ።

መልስ 1
እህቴ፣ ስሙን አትተርጉሚ፤ መኪናውን ቀይሪው። እኔ በድሬዳዋ መስመር ብዙ ዓመት ነድቻለሁ። ያቺን አሮጌ የፊያት ጭነት መኪና፣ ኤንትሬን፣ ከነተሳቢዋ ጨረቃ ላይ አውጫት። «እሷ» ማለትሽም ልክ ይሆናል፤ ኤንትሬን «እሱ» ያለ ሾፌር አላውቅም። ዳገት ላይ ስታቃስት ድምጿን አስመስዪለት፤ ልጅ ድምፅ ይወዳል። ረዳት ደግሞ እንዳትረሺ። ሾፌሩ «ታኮ!» ብሎ ሲጮህ ረዳቱ ጎማ ሥር የሚያስገባውን ድንጋይ ይዞ ይዘላል። ጨረቃ ላይ ግን ክብደቱ የምድሩ አንድ ስድስተኛ ነው፤ ተንሳፍፎ ይቀራል። ሾፌሩ ይጮሃል፣ ረዳቱ «መጣሁ ጌታዬ!» ይላል፣ አይደርስም።

መልስ 2
የምትጎትተውም አላት። ከአሜሪካ የጨረቃ ጉዞዎች፣ ከአፖሎ 15፣ 16 እና 17፣ የቀሩ 3 የእውነት መኪኖች ዛሬም እዚያው ቆመዋል። ጎማቸው ከብረት ሽቦ የተሸመነ ስለሆነ ጎሚስታ አይፈልጉም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1972 የአፖሎ 17ቱ መኪና ፓራፋንጎ (የጎማው መከለያ) ተሰበረ፤ አቧራው እላያቸው ላይ ሲዘንብባቸው ጠፈርተኞቹ የወረቀት ካርታዎችን በፕላስተር አያይዘው በቦታው አሰሩለት። ይሄን ለልጅሽ ስትነግሪው እውነት መሆኑንም ንገሪው።

ጠያቂዋ
ወንድሞቼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ትናንት ማታ ነገርኩት። ፓራፋንጎ የሚለውን ቃል ወዶ ሦስት ጊዜ አስደገመኝ። «ታኮ!» ስል ግን አልጋው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ፤ እኔ እንባዬ መጣ። ዛሬ ጠዋት ጫማውን ሳስርለት «እማዬ፣ ረዳቱ አሁንም አልወረደም?» አለኝ።