የፒያኖ ምሽት፦ የጋራ ሐሳብ ማርቀቂያ

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ይኸውና። «አንድ የማዳመጫ ምሽት፤ ከክላሲክ ግሌን ጉልድ፣ ከጃዝ ኪት ጃሬት፣ ከዘፈን ኒና ሲሞን።» የሚጨመርም የሚቀነስም ካለ ጻፉ።

ገንዘብ ያዥ፦ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የሌሉበትን ወረቀት አልፈርምም።

አባል፦ ኃይሉ መርጊያስ?

ሰብሳቢ፦ አኮርዲዮንና ኪቦርድ የራሳቸው ምሽት ይገባቸዋል።

ጸሐፊ፦ እማሆይን ዘንግቼ አይደለም፤ የት እንደምመድባቸው ቸግሮኝ ነው። ትምህርታቸው የስዊዘርላንድና የካይሮ፣ ዜማቸው የእኛው ቅኝት።

ሰብሳቢ፦ እንግዲያው ምድቡ ይቅር። የሚያገናኛቸው ሌላ ነገር አለ። እማሆይ ለንደን ሄደው ሙዚቃ የመማር ዕድል ቢያገኙም ሳይፈቀድላቸው ቀረ፤ ምግብ እስከ መተው አዝነው በመጨረሻ ግሸን ማርያም ገቡ። ኒና ሲሞን ክላሲክ ለመጫወት ስትዘጋጅ ኖራ፣ እ.ኤ.አ. በ1951 ፊላደልፊያ የሚገኘው የከርቲስ የሙዚቃ ተቋም ሳይቀበላት ቀረ። በኋላ አትላንቲክ ሲቲ በአንድ መጠጥ ቤት ፒያኖ ስትጫወት ባለቤቱ ካልዘፈነች ሥራው እንደማይቀጥል ስለነገራት ነው መዝፈን የጀመረችው። ጃሬትም እ.ኤ.አ. በጥር 1975 ጀርመን፣ ኮሎኝ ኦፔራ ቤት ሲደርስ የጠየቀው ትልቅ ፒያኖ አልቀረበለትም። የቀረበው አነስተኛ ነበር፤ ቀጫጭን ድምፆቹ ይሻክራሉ፣ ወፍራሞቹ አያስተጋቡም። ስለዚህ መሀል መሀሉን ይዞ፣ በግራ እጁ አንድ ሐረግ እየደጋገመ ተጫወተ። የዚያ ምሽት ቅጂ በሚሊዮኖች ተሸጠ።

አባል፦ እንደዚያ ከሆነ ጉልድ ይውጣ። እ.ኤ.አ. በ1964 ከኮንሰርት መድረክ የወረደው ማንም ሳይከለክለው፣ ወዶ ነው።

ጸሐፊ፦ እኔ ደግሞ ለዚሁ ነው የምፈልገው። ሌሎቹ ተከለከሉ፤ እሱ መድረኩን ንቆ ስቱዲዮ ገባ። ጎልድበርግ ቫሪዬሽንስ የተባለውን የባኽን ሥራ እ.ኤ.አ. በ1955 ቀርጾት፣ በ1981 እንደ አዲስ ቀረጸው። የመክፈቻዋ ዜማ በመጀመሪያው ቅጂ ሁለት ደቂቃ አትሞላም፣ በሁለተኛው ሦስት ደቂቃ ታልፋለች። ሁለቱን አከታትለን ብናሰማ ለክርክር ይበቃል።

አባል፦ ይህስ ጥሩ ነው። ይቆይ።

ገንዘብ ያዥ፦ የእማሆይን ሥራ ግን ከቅጂ ብቻ አናሰማም፤ አንድ ተማሪ በአዳራሹ ፒያኖ ይጫወት። የኮሎኙን ታሪክ ምክንያት አድርጋችሁ የማስቃኛውን ወጪ እንዳትሰርዙብኝ!

ሰብሳቢ፦ ተስማምተናል። ጸሐፊያችን፣ አራቱን ስም ያለ ምድብ አስገቢና ረቂቁን እስከ ዓርብ ላኪልን። የፒያኖው ማስቃኛ ከመስተንግዶው በፊት ይጻፍ፤ ገንዘብ ካጠረ የሚቀነሰው ኬኩ ነው።