ለሠርግ ጥሪ የሚሆን ቀጭን የእጅ ጽሑፍ ፎንት

የሙሽራው እህት (ደብረ ማርቆስ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የወንድሜ ሠርግ ጥር ላይ ነው፣ የጥሪ ካርዱን የምሠራው እኔ ነኝ። በእጅ የተጻፈ የሚመስል፣ ስስና ለስላሳ ፊደል ፈልጌ ግሬት ቫይብስ የሚባለውን ፎንት አወረድኩ። እንግሊዝኛው አማረ፤ አማርኛው ግን ንቅንቅ አላለም። ለምን ይሆን? ካርዱን በሙሉ እንዲህ ባለ ፊደል ብጽፈውስ ያምራል? ቀለሙን ወርቃማ ነው ያሰብኩት።

ከማተሚያ ቤት (ባሕር ዳር)፦
እንኳን ደስ አላችሁ እህቴ። ግሬት ቫይብስ ውስጥ የግዕዝ ፊደል የለም። ስለዚህ ኮምፒውተሩ በራሱ ግዕዝ ያለበትን ሌላ ፎንት፣ ኒያላን ወይም ኢብሪማን ይተካልሻል። ለአማርኛ የተሠራ፣ ዩኒኮድ የሆነ (ዓለም አቀፉን የፊደል ኮድ የሚከተል) የእጅ ጽሑፍ ፎንት ፈልጊ። ስታገኚ መጀመሪያ የሁለቱን ሙሉ ስም ጻፊበት። ኳ፣ ሟ፣ ጓ የሚጎድላቸው አሉ።

ካርዱን በሙሉ ግን እባክሽ ተዪው። የእኛ ፊደል ነገሩ ሁሉ ትንሿ ቅጥያ ላይ ነው። «ሱ»ን ተመልከቺ፤ ቅጥያዋ ወገቧ ላይ ናት። የ«ሲ» ደግሞ እግሯ ሥር። ሁለቱን የሚለያቸው ይቺው ብቻ ናት። ፊደሉ ሲሳሳና ሲያንስ እሷ ትደበዝዛለች፣ ሲሳይ ሱሳይ ተብሎ ይነበባል። ካርዱን ራቅ አድርገው ይዘው የሚያነቡ አባቶችና እናቶች አሉ፤ እነሱን አስቢ። በቀጭኑ ፊደል የሙሽሮቹን ስም ብቻ ጎላ አድርጊና ጻፊ። ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን በደንብ በሚነበብ ፎንት፣ በኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ አድርጊው። በስሞቹ ዙሪያ አበባና ሐረግ አታጭቂ፤ ስስ ፊደል ባዶ ቦታ ይወዳል።

ወርቃማው ከአራቱ የማተሚያ ቀለሞች ተቀላቅሎ የሚወጣ ከሆነ ቀጭኑ መስመር ይቆራረጣል። ፎይል (በሙቀት ወረቀቱ ላይ የሚለጠፍ ወርቃማ ስስ ንጣፍ) ይሻላል፤ እሱም ሸካራ ወረቀት ላይ ቀጭኑን ይዘላል። ለስላሳ ወረቀት ምረጪ፣ ናሙናም ሳታዪ አታሳትሚ።

የቁም ጽሕፈት ተማሪ የነበረ (ቢቸና)፦
እኔም ልጨምር። የመቃ ብዕር አፉ ጠፍጣፋ ሆኖ ነው የሚቀረጸው። ወደ ታች ሲወርድ ይወፍራል፣ ወደ ጎን ሲሄድ ይቀጥናል። ውበቱ የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ቀጭኑ ከወፍራሙ ጎን ሲቆም። ዲማ ጊዮርጊስ ወይም መርጦ ለማርያም ብራና የማየት ዕድል ካገኘሽ ልብ ብለሽ እይው። ከራስ እስከ እግሩ እኩል የቀጠነ ፎንት ግን በእስክሪብቶ የተጻፈ ነው የሚመስለው። ፊደሎቹን በጅራት የሚያቀጣጥለውንም አልመክርሽም። የእኛ ፊደል እያንዳንዱ ለብቻው ነው የሚቆመው፤ እንደ እንግሊዝኛው ሲያያዝ ቅጥያው ከየትኛው ፊደል እንደሆነ ይምታታል።

የሙሽራው እህት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ስሞቹን ብቻ አደርጋለሁ። ማተሚያ ቤቱ ፎንቱ ባይኖረውስ?

ከማተሚያ ቤት (ባሕር ዳር)፦
ጽሑፉን ከርቭ አድርጊና (ፊደሎቹን ፎንት ወደማይፈልግ ቅርጽ ቀይሪና) በፒዲኤፍ ላኪ። በቴሌግራም ከሆነ እንደ ፋይል ላኪው፤ እንደ ፎቶ ከላክሽው ጥራቱ ይወርዳል፣ ቀጭኑ መስመር ይበላሻል። ከርቭ ያልሆነውንም ለራስሽ አስቀምጪ፤ ሰዓት ወይም አዳራሽ ቢቀየር ማስተካከል የምትችዪው እሱን ነው።