እንፋሎቱ ብዙ የማይታይ የቬፕ (የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) ፈሳሽ እንዴት ልቀምም?

ሰላም ቤተሰብ፣ የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ። ደሴ ነኝ፣ ፒያሳ አካባቢ። ሲጋራ ካቆምኩ አራት ወሬ ነው፣ እንዳልመለስበት የያዘኝ እህቴ ከውጭ ያመጣችልኝ ቬፕ ነው። እዚህ በአዋጅ 1112/2011 ሽያጩ ስለተከለከለ ፈሳሹን ራሴ እቀምማለሁ፣ ኒኮቲን የለበትም።

ችግሬ እንፋሎቱ ነው። ግሊሰሪን 70 እጅ፣ ፕሮፒሊን ግላይኮል 30 እጅ አድርጌ ስስበው በረንዳው የጦሳ ጉም የወረደበት ነው የሚመስለው፣ የግቢው ልጆች ይሰበሰባሉ፣ አከራዬም «ምን እያቃጠልክ ነው?» እያሉ ይደነግጣሉ። ግሊሰሪን ነው ጭሱን የሚያወፍረው ብዬ ልኩን ገለበጥኩት። እውነትም ቀነሰ። ግን ጉሮሮዬን እንደ ሚጥሚጣ ይለበልበኛል፣ ፈሳሹም ስለቀጠነ ከኮይሉ (ፈሳሹን ከሚያሞቀው ሽቦ) ሥር እየሾለከ የሸሚዜን ኪስ አራሰው።

አሁን 50 በ50 አድርጌ ዋቱን (የማሞቂያ ኃይሉን) ዝቅ ላድርገው ወይስ ኮይሉን ልቀይር? አንድ ጓደኛዬ የተጣራ ውሃ ጠብ አድርግበት አለኝ፣ ትኩስ ጠብታ አፌ ውስጥ እንዳይረጭ ፈራሁ። ዘይት ያለበት ማጣፈጫ ግን እንዳትመክሩኝ፣ ሳንባ ይጎዳል። የሞከራችሁት ካላችሁ ልኩን ንገሩኝ፣ ወደ ሲጋራ መመለስ አልፈልግም።