ለልጆችም ለአባታቸውም የሚሆን ቀላል የጀርመን ምግብ የምታውቁ እስኪ ንገሩኝ

ጠያቂ (የሁለት ልጆች እናት፣ ፍራንክፈርት)

ሰላም ለሁላችሁ። ልጆቼ ምሳ የሚበሉት አንዱ ትምህርት ቤት፣ አንዷ ኪታ (መዋዕለ ሕፃናት) ነው። ቤት ሲገቡ ታዲያ እዚያ የበሉትን ሥሪልን ይሉኛል። ሽፔትዝለ (ከዱቄትና ከእንቁላል የሚሠራ እንደ ፓስታ ያለ)፣ ፍሪካደለ (ጠፍጠፍ ያለ የተፈጨ ሥጋ ጥብስ)፣ የድንች ሰላጣ። ባለቤቴ ደግሞ ቅመም የሌለበት ነገር አይዋጥለትም። እኔ ከሥራ የምገባው አመሻሽ ላይ ስለሆነ ከአንድ ሰዓት በላይ ምድጃ ሥር መቆም አልችልም። አሳማ አንበላም፣ ረቡዕና ዓርብ እኔና ባለቤቴ እንጾማለን። ያገኘሁት አሠራር ሁሉ ወይ የአሳማ ጮማ አለበት ወይ ግማሽ ቀን ይፈጃል። አንዴ ተሠርቶ ሁላችንም የምንበላው ነገር ካላችሁ መጠኑን በግራም ጻፉልኝ። "ትንሽ ጣል አድርጊ" የሚለው እኔን አያግዘኝም።

መልስ (ከሽቱትጋርት)

እህቴ፣ ከምስር ጀምሪ። እኛ ያለንበት የሽቫበን አገር ምስር በሽፔትዝለ የቤት ምግብ ነው፣ ሰው ሳይሰለች የሚበላው።

ምስሩ ድፍኑ ቡናማ ነው፣ ቴለርሊንዘን ተብሎ ይሸጣል። ቀዩን ክክ ተዪው፣ ይሟሟብሻል። 250 ግራም እጠቢ። ከአትክልት መደርደሪያው ላይ ዙፐንግሩን የሚባለውን እስር ግዢ፤ ካሮት፣ ባሮ ሽንኩርት፣ የሰለሪ ሥርና ብዙ ጊዜ ፐርሰሜሎ አንድ ላይ ታስሮ ነው የሚሸጠው። አድቅቀሽ ክተፊው። አንድ ራስ ቀይ ሽንኩርት በዘይት አቁላልተሽ የከተፍሽውን ጨምሪና አማስይ፣ ከዚያ ምስሩንና 1 ሊትር ተኩል ውሃ። 20 ደቂቃ ሲሆነው 3 ድንች በትንንሹ ቆርጠሽ ክተቺበት። በጠቅላላው 40 ደቂቃ አካባቢ ይበቃዋል። ጨውና 2 የሾርባ ማንኪያ አቼቶ መጨረሻ ላይ። አቼቶው ቀድሞ ከገባ ምስሩ እንቢ ብሎ ይቆያል፣ ጭራሽ ካልገባ ደግሞ ሾርባው ጣዕም አይኖረውም። ቅቤም ሥጋም ስለሌለው የጾም ነው። ለልጆቹ ቋሊማ ቁረጪላቸው፣ ለአባታቸው ሳህኑ ላይ አዋዜ።

ሽፔትዝለውም አያስቸግርም። 400 ግራም ፉርኖ ዱቄት (405 የሚል ቁጥር ያለበት ይሆናል)፣ 4 እንቁላል፣ ከ150 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው። አረፋ እስኪቋጥር በእንጨት ማንኪያ ምቺው፣ 20 ደቂቃ ይረፍ። ማንኪያውን ስታነሺው ሊጡ እየተሳበ ቀስ ብሎ መውረድ አለበት። ዝም ብሎ ከፈሰሰ ዱቄት፣ ተንጠልጥሎ ከቀረ ውሃ ጨምሪ። ሊጡን የሚጨምቀው መሣሪያ ባይኖርሽም ሰፋፊ ቀዳዳ ያለው ማጥለያ ላይ አድርገሽ በማንኪያ ጀርባ እየገፋሽ፣ ጨው ያለበት የሚንተከተክ ውሃ ውስጥ አንጠባጥቢው። ሲንሳፈፍ በስሏል፣ በቀዳዳ ጭልፋ አውጪው።

መልስ (ኮሎኝ፣ የመሥሪያ ቤት ካንቲን ምግብ አብሳይ)

የሽቱትጋርቷ ያለችው ሁሉ ልክ ነው። እኔ ስለ ሥጋው ልንገርሽ፣ ምክንያቱም አሳማ የማይበሉ ወገኖቻችን ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ሱፐርማርኬት ውስጥ "ገሚሽተስ ሃክ" የሚለው የተፈጨ ሥጋ በሬና አሳማ የተቀላቀለበት ነው። አንቺ የምትፈልጊው "ሪንደርሃክ" የሚለውን፣ የበሬ ብቻ የሆነውን ነው። የዶሮና የተርኪ ቋሊማም ቢሆን ጀርባውን ሳታነቢ አትግዢ፤ አንዳንዱ ውስጥ የአሳማ ስብ አለ፣ ወይ የተሞላው በአሳማ አንጀት ነው። "ሽቫይን" (አሳማ) የሚል ቃል ካየሽ መልሺው።

ፍሪካደለ ለአራት ሰው፦ 500 ግራም ሪንደርሃክ፣ ትናንት የተረፈ አንድ ብሮትሸን (ትንሹ ድቡልቡል ዳቦ) በወተት ዘፍዝፈሽ የጨመቅሽው፣ 1 እንቁላል፣ 1 ቀይ ሽንኩርት (ደቆ ተከትፎ ቀደም ብሎ በዘይት የለሰለሰ)፣ 1 የሻይ ማንኪያ ሰናፍጭ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ቁንዶ በርበሬ። የሚፈርሰው ብዙውን ጊዜ ዳቦው በደንብ ሳይጨመቅ ሲቀር ወይም መጥበሻው ሳይግል ሲቀመጥ ነው። እጅሽን ውሃ እየነካሽ አድቦልቡይ፣ ጠፍጠፍ አድርጊው፣ መካከለኛ እሳት ላይ በየጎኑ 6 ደቂቃ ያህል። ሥሩ ቀልቶ ራሱ ከመጥበሻው እስኪላቀቅ አትገልብጪው! ግማሹን ሥጋ ለይተሽ በርበሬና ቃሪያ ብትለውሺበት ባለቤትሽ የራሱን ያገኛል፣ መጥበሻው ግን አንድ ነው።

መልስ (ሃምቡርግ፣ የሦስት ልጆች አባት)

እኔ ትንሽ የተለየ ሐሳብ አለኝ። ልጆቹ ቀን ላይ ትኩስ ምግብ በልተዋል። እዚህ አገር ብዙ ቤት ማታ አበንድብሮት ነው፤ ዳቦ፣ አይብ፣ የተቆራረጠ ኪያርና ካሮት፣ የተቀቀለ እንቁላል። በሳምንት ሁለት ቀን እንዲህ ብታደርጊ አንቺም ታርፊያለሽ። ሁልጊዜ ድስት ካልተጣደ እራት የለም ማለት እናቶቻችንን ያደከመ ነገር ነው፣ እኔ በጣም ነው የሚሰማኝ።

ጠያቂ

ወንድሜ፣ ሐሳብህ ገብቶኛል፣ ግን ባለቤቴ ዳቦ በአይብ ሰጥቼው "እራቱ መቼ ነው?" ነው የሚለኝ። ለልጆቹ እሞክረዋለሁ። የድንቹን ነገር ንገሩኝ እስኪ። ከረጢቱ ላይ የሚጻፈው ልዩነት አለው? ደግሞ ካርቶፈልፑፈር (የተፈቀፈቀ ድንች ጥብስ) ያለ እንቁላል ይሆናል? ዓርብ ዓርብ ብሠራው ደስ ይለኛል።

መልስ (ኮሎኝ፣ ምግብ አብሳዩ)

ልዩነት አለው እንጂ። "ፌስትኮኸንድ" የሚለው ሳይፈርስ የሚበስል ነው፣ ለሰላጣና ለጥብስ። "ሜሊሽ" የሚለው የሚፈረፈር ነው፣ ለተፈጨ ድንችና ለክኖደል (ተድቦልቡሎ የሚቀቀለው)። ብዙ ጊዜ መለያው የመጀመሪያው አረንጓዴ፣ የሁለተኛው ሰማያዊ ነው።

ፑፈሩ ያለ እንቁላል ይሆናል። 1 ኪሎ ድንችና 1 ቀይ ሽንኩርት ፈቅፍቂ፣ ንጹሕ ጨርቅ ውስጥ አድርገሽ ጎድጓዳ ሳህን ላይ ጥምዝዝ አድርገሽ ጭመቂው። ውሃውን ወዲያው አትድፊ። 10 ደቂቃ ሲቀመጥ ሥር ላይ ነጭ ነገር ይረጋል፣ ያ የድንቹ ስታርች ነው። ከላይ ያለውን ውሃ ቀስ ብለሽ ድፊና ስታርቹን ከድንቹ ጋር መልሰሽ ለውሺው፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ዱቄትና ጨው ጨምሪ። እንቁላሉ የሚሠራውን ሥራ እሱ ይሠራዋል። በበቂ ዘይት ስስ አድርገሽ ጥበሺ። ልጆቹ ከአፕፈልሙስ (የተፈጨ የበሰለ ፖም) ጋር ይበሉታል፣ እናንተ ደግሞ ከዳጣ ጋር ሞክሩት።

መልስ (ከሽቱትጋርት)

የድንች ሰላጣውም የጾም ይሆናል፣ ሰሜኖቹ ማዮኔዝ ያደርጉበታል እንጂ የእኛ ሰፈሩ በሾርባ ነው። 1 ኪሎ ፌስትኮኸንድ ከነልጣጩ ቀቅለሽ ገና ትኩሱን ላጪና በስሱ ቁረጪ። 250 ሚሊ ሊትር የሚያቃጥል የአትክልት ሾርባ፣ 4 የሾርባ ማንኪያ አቼቶ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ሰናፍጭና የደቀቀ ሽንኩርት ደባልቀሽ አፍስሺበት። ድንቹ ሾርባውን ሲመጠው 4 የሾርባ ማንኪያ ዘይት። ግማሽ ሰዓት ይቀመጥ። ቀዝቃዛ ድንች ሾርባ አይመጥም፣ ስለዚህ አታስቀድሚ።

መልስ (ላይፕዚግ፣ ተማሪ)

ከሁሉም የሚቀለው ተረሳ! ድንች ከነልጣጩ ይቀቀላል፣ 500 ግራም ክቫርክ በትንሽ ወተት፣ በጨውና በደቃቅ ሽኒትላውኽ (ቀጫጭኑ አረንጓዴ የሽንኩርት ዓይነት ቅጠል) ይመታል፣ አበቃ። እኛ ወዳለንበት ምሥራቁ በኩል የተልባ ዘይት ከላይ ያፈሱበታል። ክቫርኩ የእኛን አይብ ይመስላል፣ ትንሽ ለዘብ ይላል እንጂ። እኔ ሚጥሚጣ ነስንሼበት ነው የምበላው። የፍስክ ቀን ነው እንግዲህ።

ጠያቂ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ሽፔትዝለውን እሑድ በብዛት ሠርቼ ባስቀምጠው ይበላሻል?

መልስ (ከሽቱትጋርት)

አይበላሽም። ከውሃው እንዳወጣሽ በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቀሽ፣ በደንብ አጥልለሽ፣ ጥቂት ዘይት ቀባ አድርገሽ ክደኚው። ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ቀን ይቆያል። ስትፈልጊ መጥበሻ ላይ በቅቤ ጠበስ አድርጊው፣ ወይ 200 ግራም የተፈቀፈቀ ኤመንታለር አይብ በየመሐሉ እያነባበርሽ ምድጃ ውስጥ ክተቺው። ሽንኩርት እስኪቀላ ጠብሰሽ ከላይ ብትበትኚበት ልጆችሽ ሳህኑን ይጠርጉታል።