በዕረፍት ላይ ግራው አንጎል ከቀኙ የበለጠ ደም ያገኛል?

ጀጎል፦
ሰላም ለቤቱ። ሐረር ላይ በ2 ሜጋ ኸርዝ የዶፕለር ፕሮብ (የደምን ፍጥነት በድምፅ ሞገድ የሚለካ) የጤነኞችን ኤምሲኤ፣ ማለትም በግራና በቀኝ አንጎል ያለውን መካከለኛ የደም ሥር፣ እየለካን ነው። አንዱ ሰው ተጋድሞ፣ ምንም ሳይሠራ፣ በ52 ሚሊ ሜትር ጥልቀት የደሙ አማካይ ፍጥነት በግራ 58፣ በቀኝ 49 ሴንቲ ሜትር በሰከንድ ሆነ። የሚጽፈው በቀኙ ነው። ንግግር በግራ አንጎል ስለሆነ ነው ወይስ የአለካክ ስህተት?

ከዚራ፦
አቦ፣ ንግግሩን ተወው! ግራኝም ቢሆን ያው ነው። ግራው ለንግግር ብሎ ቀኙን የሚበልጠው ቃላት እንዲፈልግ ስታዘው ነው፤ ያኔም በጥቂት ፐርሰንት። ዝም ብሎ የተኛ ሰው ላይ 17 ፐርሰንት ካየህ መጀመሪያ አንግሉን ጠርጥር። መሣሪያው ጨረሩና የደም ሥሩ በአንድ መስመር ላይ እንዳሉ አድርጎ ነው የሚያሰላው። በቀኝ በኩል 32 ዲግሪ ከዘመመብህ እውነተኛው 58 ራሱ 49 ሆኖ ይነበባል። ፕሮቡን ከጉንጭ አጥንቱ ቅስት በላይ፣ ከጆሮው ፊት አስቀምጥና በጥቂት በጥቂቱ እያዘነበልክ፣ በጥልቀት ከ45 እስከ 60 በ2 ሚሊ ሜትር እየሄድክ ከፍተኛውን ንባብ ፈልግ። 52 ላይ ተቸንክሮ መቅረት የለም።

ሳቢያን፦
አንግሉ ቢስተካከልም የለካኸው ፍጥነት እንጂ የደም መጠን አይደለም። የግራው ሥር 2.8፣ የቀኙ 3.05 ሚሊ ሜትር ስፋት ቢኖረው በ58 እና በ49 የሚያልፈው ደም እኩል ነው። ሩብ ሚሊ ሜትር! ዶፕለሩ ይቺን አያያትም። ለመሆኑ ሁለቱን ጎን የለካኸው በአንድ ጊዜ ነው?

ጀጎል፦
በተራ። ያለን አንድ ፕሮብ ነው። ግራውን መጀመሪያ፣ ቀኙን ከ10 ደቂቃ በኋላ።

ሳቢያን፦
በል እሱንም ጨምረው። በደሙ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በ1 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሲወርድ ፍሰቱ በ3 ፐርሰንት ገደማ ይወርዳል። መሃል ላይ ፈርቶ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ ከልዩነትህ ግማሹ ከዚያ ሊመጣ ይችላል። 10 ደቂቃ አስተኝተህ ግራ፣ ቀኝ፣ እንደገና ግራ ለካ፤ ሁለቱ የግራ ንባቦች ካልተቀራረቡ ጣለው። ቡና ፍሰቱን በአንድ አምስተኛ ያህል ሊቀንስ ይችላል፣ ግን በሁለቱም በኩል ነው። ጫት ግፊቱንም ምቱንም ስለሚያነሳ በጠዋት ለካ፤ ከሰዓትማ በእኛ አገር በርጫ ያልተቀመጠ ሰው ከየት ታመጣለህ።

ከዚራ፦
ይህን ሁሉ አድርገህ ልዩነቱ ከ30 ፐርሰንት ካለፈ አንገቱ ላይ ካሮቲዶቹን (ወደ አንጎል ደም የሚወስዱትን ሥሮች) በዱፕሌክስ፣ ሥሩንም ፍሰቱንም በሚያሳይ አልትራሳውንድ፣ እይ። ዝቅ ያለው ጎን ሞገዱ ቀስ ብሎ የሚወጣና ጫፉ የደነዘዘ ከሆነ ሥሩ የጠበበው ከታች፣ ከለካኸው ቦታ በፊት ነው። ከፍ ያለውንም ግን ጤነኛ ነው ብለህ አትለፈው፤ ሥሩ በጠበበበት ቦታ ላይ ደሙ ይፈጥናል።